ከፍታው የበላው ሩብ ጉልበት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ደረሰኝ የሌለው ግብር ይከፍላል። ገቢዎች አይሰበስበውም፣ ይግባኝም አይባልበትም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይበላም፣ ዋናው ምግቡ አየር ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለማቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አየሩ በሩብ ሲሳሳ የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ካታሎጉ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ተራ የቤንዚን መኪና አምስት ሰው ጭኖ እንጦጦን ሲወጣ፣ ከፈረሶቹ ሃያ አምስት ያህሉ ገና ከጅቡቲ አልተነሡም ማለት ነው።

ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ለዓመታት ደብሊን ላይ ለነዳጅ እያረፈ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ቦሌ ይገባ እንደነበር ብዙ ተጓዥ ያስታውሳል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ስስ አየር ነው፤ ቦሌ ላይ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ መነሣት ከባድ ነው።

እንግዲህ አብነት አካባቢ ያሉ ጋራዦችን የሚያንኳኳ ወጣት ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሚፈልገው ይህን ሩብ ጉልበት ማስመለስ ነው። ከአብነት ወደ ተክለ ሃይማኖትና ሶማሌ ተራ ሲኬድ ያገለገለ መለዋወጫ ሞልቷል። አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ የገዛ፣ ቪትዝ የወረሰ፣ ወይም የአባቱን መኪና በልመና የተቀበለ ልጅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ያድርና ጠዋት «ሱፐርቻርጀር ላስገጥም» ብሎ ይመጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ኮምፕሬሽኑ ስንት ይሁን?

ጥያቄው ሲያዩት የመካኒክ ብቻ ይመስላል። ግን በዚህ ጊዜ፣ በዚህች አገር፣ አንድ ሞተር ማቃጠል ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው የገንዘብም የኑሮም ጥያቄ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ሱፐርቻርጀር ከሞተሩ ላይ በቺንጋ ጉልበት ወስዶ አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው። ቱርቦ ይህንኑ ሥራ በጭስ ግፊት ይሠራል። ሁለቱም አገር ያወቃቸው በሩጫ ይሁን እንጂ፣ ወደ አውሮፕላን ሞተር የገቡት ለአዲስ አበባ ዓይነት ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የተባለ ከ4,300 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ላይ ወጣ። ታች ዴይተን ከተማ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ደረሰ። ልብ በሉ፤ ያ መሣሪያ ለሞተሩ አዲስ ጉልበት አልፈጠረለትም፤ ያጣውን መለሰለት። አብነት ላይ ሱፐርቻርጀር የሚያስገጥም ልጅ መጀመሪያ ሊገባው የሚገባው ይህ ነው። ግማሹ ሥራ የጠፋውን ማምጣት ነው።

ኮምፕሬሽን ሬሽዮ የሚባለው ቁጥር ቀላል ነው። ፒስተኑ ታች ሲሆን ከላዩ ያለው ባዶ ቦታ፣ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ለሚቀረው ባዶ ቦታ ስንት እጥፍ ነው? አሥር ተኩል እጥፍ ከሆነ 10.5 ለ 1 ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ከአንዱ ጠብታ ቤንዚን የሚገኘው ሥራ ይጨምራል። ከልክ ሲያልፍ ግን የታመቀው አየርና ነዳጅ ካንዴላው ያስነሣው ነበልባል ሳይደርስበት በሙቀትና በግፊት ብቻ በራሱ ይፈነዳል። ኖክ የሚሉት ይህ ነው። ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ጠጠር ነው፤ ሥራው ደግሞ መዶሻ። ፒስተኑ ላይ በፋሻና በፋሻ መካከል ያለችውን ቀጭን ድንበር ይሰብራል፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ሲብስም ፒስተኑን ይበሳል።

ሱፐርቻርጀር ተጨማሪ አየር ሲያስገባ ያው ባዶ ቦታ ውስጥ የሚታመቀው ነገር በዛ ማለት ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎች ኮምፕሬሽኑን ዝቅ ያደርጋሉ። የቶዮታ ምሳሌ እዚህ ላይ ያስተምራል። 4ኤ-ጂኢ የተባለው 1.6 ሊትር ሞተር በመጀመሪያ ዘመኑ ኮምፕሬሽኑ 9.4 ነበር። ቶዮታ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለዚሁ ሞተር ሱፐርቻርጀር ገጥሞ 4ኤ-ጂዜድኢ ሲለው ወደ 8.0 አወረደው፤ ፒስተኑንም በመዶሻ ተቀጥቅጦ በተሠራ ጠንካራ ፒስተን ቀየረው፣ የሚገባውን አየር የሚያበርድ ኢንተርኩለርም ጨመረለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ሞተር ሲያሻሽለው ኮምፕሬሽኑን ወደ 8.9 መለሰው። ቶዮታ ራሱ መጀመሪያ ላይ ከሚገባው በላይ ጠንቃቃ ነበር ማለት ይቻላል። በኋላ ቮልስዋገን ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ በመርጨት፣ ሱፐርቻርጀርም ቱርቦም ያለውን 1.4 ሊትር ሞተር በ10 ኮምፕሬሽን መሥራት ችሏል፤ የሚረጨው ነዳጅ ሲተን ውስጡን ስለሚያቀዘቅዘው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «8 ይሁንልኝ፣ የታወቀ ነው» ማለት ግን አዲስ አበባ ላይ ስሕተት ነው። ለምን ቢሉ፣ እዚህ ከተማ የሚነዳ መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ሱፐርቻርጀሩ ምንም በማይሠራበት ሁኔታ ነው። ከአብነት ሜክሲኮ ለመድረስ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ይበቃል፤ እግር ቤንዚኑ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚያርፍበት ቦታ የለም። በእንዲህ ያለ ጉዞ 8 ኮምፕሬሽን ያለው ሞተር ስስ አየር እየሳበ፣ ይህንኑ ስስ አየር በደካማ ሁኔታ እያመቀ፣ ዝም ብሎ ቤንዚን ይጠጣል። በመማሪያ መጽሐፍ ስሌት ብቻ እንኳ ከ10.5 ወደ 8 መውረድ የሞተሩን ብቃት ከ7 በመቶ በላይ ይቀንሰዋል፤ ወደ 9 መውረድ ግን 4 በመቶ ገደማ ነው የሚያስከፍለው። ሱፐርቻርጀሩ ራሱ በቺንጋው የሚወስደው ጉልበት ደግሞ አለ። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ አብነት ውስጥ የሚሠራውን ሞተር ኮምፕሬሽን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ። እንዲህ ያለ ንግግር እዚያ ሰፈር አዲስ አይደለም፦

«ጋሼ፣ ሱፐርቻርጀር ላስገጥም ነው፤ ኮምፕሬሽኑን ስንት ላድርገው ይሉኛል?»

«አሁን ስንት ነው?»

«መጽሐፉ ላይ 10.5 ይላል።»

«የመጽሐፉ ቴስታታ ተልጦ ያውቃል እንዴ? ያንተ እኮ ሦስቴ ሬቲፊካ ገብቷል።»

ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ መኪና አንዴ እንኳ ሞቆ፣ ቴስታታው ጠምሞ፣ ተልጦ ያልተመለሰ ማግኘት ያስቸግራል። ቴስታታ በተላጠ ቁጥር ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ይጠባል፣ ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የቪትዝና የኮሮላው 1.5 ሊትር 1ኤንዜድ ሞተር በአንድ ሲሊንደር 374 ሚሊ ሊትር ይስባል። ኮምፕሬሽኑ 10.5 እንዲሆን ፒስተኑ ላይ ሲደርስ 39.4 ሚሊ ሊትር ቦታ መቅረት አለበት። በመላጥ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢጠፋ፣ የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ፣ ኮምፕሬሽኑ 11 ይደርሳል። ወደ 9 ለማውረድ ደግሞ ቦታውን ወደ 46.8 ማስፋት ያስፈልጋል። ማለትም ለሱፐርቻርጀር የሚዘጋጅ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በመርፌ ነው፤ በሐኪም ቤቱ ስሪንጅ ቴስታታው ውስጥ ዘይት እየሞሉ ስንት እንደያዘ መለካት። ዋጋው የስሪንጅ ዋጋ ነው። ይህን ሳያደርግ ፑሊ የሚገዛ ሰው በጨለማ ይተኩሳል።

ኮምፕሬሽን ለማውረድ ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቦ ማሰር የተለመደ መላ ነው። መላው አያዋጣም። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው ጠርዝ ጋር ሊነካካ ምንም ሳይቀረው ጋዙን ወደ መሐል ጨምቆ ያማስላል፤ ይህ መተማመስ ነው ነበልባሉን የሚያፈጥነውና ኖክን የሚከላከለው። ጓርኒሲዮን ተደርቦ ጠርዙ ሲርቅ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል፣ መተማመሱም ይጠፋል። ስለዚህ ኖክን ለመሸሽ ተብሎ የተደረገው ነገር ኖክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ አናቱ ጎድጎድ ያለ ፒስተን መግዛት ነው። ውድ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ሞተር ከማስወረድ ይረክሳል።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ልኬት ከተነሣ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የሚገባው የኮምፕሬሽን መለኪያ ጌጅም አዲስ አበባ ላይ ይዋሻል። ይዋሻል ከማለት የሚያነበው ሰው ይሳሳታል ማለት ይሻላል። ባሕር ጠለል ላይ 180 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከተማ ላይ 135 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልሆነም፤ የሚያምቀው አየር ከመነሻው በሩብ አንሶ ነው የገባው። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ግን የባሕር ጠለል ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ «ፋሻው ጨርሷል» ተብሎ ያለ ጥፋቱ የወረደ ሞተር ስንት ይሆን? መልካም መካኒክ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ያስተያያል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ሱፐርቻርጀር የሚገፋው አየር ልክ በፑሊው መጠን ይወሰናል፤ በግርድፉ ያገኘውን ግፊት በአንድ ቋሚ ቁጥር ያባዛል። ያ ቁጥር 1.5 ነው እንበል። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር 11 ፒኤስአይ ነው፤ ሲባዛ 16.5። የውጩ ሲቀነስ ቡስት ጌጁ 5.5 ያሳያል። ልጁ ቪዲዮ ላይ 8 እና 10 የሚል ስላየ ያዝናል፣ ትንሽ ፑሊ ያስገጥምና ቁጥሩን ያሳድጋል። አብነትን ሲዞር ምንም አልሆነም፣ እንጦጦን ወጣ ምንም አልሆነም። «ሞተሬ ቻለ» ይላል።

ከዚያ ሰመራ ሠርግ ይጠራል።

መንገዱ ይወርዳል። አዳማን አልፎ አዋሽ፣ አዋሽን አልፎ አፋር። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት፤ የውጭው አየር ወደ 14 ፒኤስአይ ይጠጋል። የመጀመሪያው ፑሊ እንኳ ሳይነካ 1.5 ጊዜ 14 ሲባል 21 ይሆናል። ማንም ምንም ሳይነካ፣ አብነት ላይ 16.5 የቀመሰው ሞተር ከሩብ በላይ ተጨማሪ ጭነት ተሸከመ። ሙቀቱ ደግሞ አለ። ሩትስ የሚባለው ዓይነት ሱፐርቻርጀር ኢንተርኩለር ከሌለው አዲስ አበባ ላይ 20 ዲግሪ አየር ስቦ 80 ገደማ አድርጎ ያስገባል፤ አፋር ላይ 40 ዲግሪ ስቦ ከ100 ያሳልፈዋል። ጭነት ሲደመር ሙቀት ሲደመር ያው ቤንዚን። ጠጠሩ ቆርቆሮው ውስጥ መንኳኳት ይጀምራል፤ የመኪናው ሙዚቃ ከፍ ብሎ ከተከፈተ ደግሞ አይሰማም።

ቱርቦ እዚህ ላይ ይሻላል። ዘመናዊ ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ኮምፒውተራቸው ጠቅላላውን ግፊት እየለካ የጭስ ማስተንፈሻውን ይከፍታል ይዘጋል፤ ላይ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል፣ ታች ሲሆን ይቀንሳል። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ የታሰረ ነውና ይህ ብልሃት የለውም። ስለዚህ ኮምፕሬሽንና ፑሊ የሚመረጠው መኪናው ለሚያድርበት ቦታ ሳይሆን ለሚወርድበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ የተሞከረ ሞተር አባይ በረሃ ታች ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሲወርድ እግር ስለሚነሣ ችግር የለም፤ ከድልድዩ ወዲያ በከባድ አየርና በሙቀት ዳገቱን መውጣት ሲጀምር ነው ፈተናው።

ቤንዚኑስ? በአብዛኛው ማደያ «ቤንዚን» ብሎ የጠየቀ ሰው የኦክቴን ምርጫ አይቀርብለትም፤ የመጣው ይቀዳል። ኮሎራዶና መሰል ተራራማ የአሜሪካ ግዛቶች ዝቅተኛው ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው፣ ሌላው አገር 87፤ ምክንያቱም ስስ አየር ላይ ኖክ ይቀንሳል ተብሎ። ሱፐርቻርጀር ግን ያንን የከፍታ ምሕረት ይሰርዘዋል፤ አየሩን ወደ ባሕር ጠለል መልሶታልና ቤንዚኑም የባሕር ጠለል መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘውን ኢታኖል 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምራ ነበር። ኢታኖል ኦክቴኑ ከቤንዚን ይበልጣል፣ ሲተንም ያቀዘቅዛል፤ ሌላው ዓለም ሱፐርቻርጀር የሚያስገጥም ሁሉ እየፈለገ የሚገዛው ነው። አቅርቦቱ ወጥ ሆኖ አልዘለቀም። ከሸንኮራው ጥራጊ የሚወጣ ነገር እያለ የውጭ ምንዛሪ ለቤንዚን ማፍሰስ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ? ጋራዥ ውስጥ ያለው ልማድ ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የሚጮኸው ነገር ይገዛል፦ ሱፐርቻርጀሩ፣ ማርሚታው፣ ጎማው። መጨረሻ ላይ ብር ሲያልቅ «ራዲያተሩ ይቆይ» ይባላል። መቅደም ያለበት የማይታየው ነው። ራዲያተርና ቬንትሌተር፣ ምክንያቱም ሁለተኛ ሙቀት ለሞተሩ የመጨረሻው ነው። የነዳጅ ፖምፓና ኢንጀክተር፣ ምክንያቱም አየር ጨምሮ ነዳጅ ያልጨመረ ሰው ለኖክ ሁለት እጅ አጨብጭቧል። ቅዝቃዜው ከፍ ያለ ካንዴላ። ብረት ድርብርብ የሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮንና አዲስ ቡሎን፤ ያገለገለ ቡሎን ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ሱፐርቻርጀር ላይ ማሰር ደግሞ በገዛ ገንዘብ መቀለድ ነው። ኢንተርኩለር። ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ሰው፣ ጆሮ ብቻ ሳይሆን የጭስ መለኪያ ያለው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብር ከተረፈ ፒስተንና ቢየላ። አንዳንዱ ቢየላን ያስቀድማል፤ መካከለኛ ግፊት ላይ ግን ሞተር የሚገድለው ብዙ ጊዜ ኖክና ሙቀት ነው፣ ቢየላው ተረኛ አይደለም።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? ከዓመታት በፊት ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ ሞተሩ ከተቃጠለ ሌላ ያገለገለ ሞተር ይገዛል፣ ቀሪው ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ማስቀየር ነው። አሁን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ ዘጋው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር መኪና ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ፋሻና ጓርኒሲዮን አብሮት ወጣ። በአጭሩ፣ አሁን አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን ሞተር ቁጥሩ የተቆረጠ ንብረት ነው። አንዱ ሲቃጠል የሚተካው ከሌላ መኪና ተነቅሎ ነው።

«ታዲያ ለምን ጭራሽ አይከለከልም?» የሚል ይኖራል። ክልከላ ለአብነት አዲስ ነገር አይደለም፣ ሥራውን ወደ ማታ ያዞረዋል እንጂ አያቆመውም። እዚያ ሰፈር ያለው እውቀት፣ በጣልያንኛ ቃላት የሚነገረው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው፣ አገሪቱ ካሏት ጥቂት የምህንድስና ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። የሚጎድለው ስሪንጅና የሒሳብ ማሽን ነው።

ለዚያ የ10.5 ልጅ፣ ሽማግሌው ለኩለት 11 ሆኖ ከተገኘ፣ የሚሻለው እንዲህ ነው። ጎድጎድ ባለ ፒስተን ወደ 9፣ ቢበዛ 9.5። ፑሊው 1.4 የሚያባዛ፤ አዲስ አበባ ላይ 15.4 ፒኤስአይ ይሰጣል፣ ማለትም ከጅቡቲ አየር በጥቂቱ የበለጠ። ቡስት ጌጁ 4.4 ብቻ ስለሚያሳይ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ እንጦጦ ላይ ግን አብረውት አይደርሱም። ሰመራ ሲጠራ ደግሞ ተለቅ ያለ ፑሊና ልኩ የሆነ ቺንጋ ከትርፍ ጎማው ጎን ያስቀምጣል። አዋሽ ላይ ቁርስ ተበልቶ ሻይ እስኪደገም የሚቀየር ነገር ነው።